ከሀብትና ከሕዝብ ደኅንነት የሚቀድመው የትኛው ነው?

መንግሥት ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው የአገር ሀብት መጨመር ነው ወይስ የሕዝብ ደኅንነት? የሚለው ጥያቄ ብዙ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። ሀብት ከበዛ ደኅንነት ራሱ ተከትሎ ይመጣል የሚሉ አሉ። ይህን አሳብ ለመመርመር በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የሆነውን መመልከት ይጠቅማል። የዘመኑ ቊጥር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በዚያ ጊዜ በማንችስተር ከተማ የጥጥ ፋብሪካዎች በዝተው፣ ጨርቃቸው በብዙ አገር ይሸጥ ነበር። ሠራተኛው ግን በጠባብ ቤት ተጨናንቆ፣ በቆሻሻ መካከል ይኖር ነበር። ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት እንደ ገለጸው፣ በማንችስተር የሠራተኞችና የቤተ ሰቦቻቸው የሞት ዕድሜ በአማካይ 17 ዓመት ሲሆን፣ ራትላንድ በሚባለው የገጠር አውራጃ 38 ዓመት ነበር። ቊጥሩን ይህን ያህል ዝቅ ያደረገው በተለይ የሕፃናት ሞት ነው። የሚያስደንቀው ግን የማንችስተር ባለጸጎች አማካይ ዕድሜም ያው 38 መሆኑ ነው፤ የከተማው ጌታ ከገጠሩ ድኻ የበለጠ ዕድሜ አላገኘም።

በ1848 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሕግ ታወጀ። በዓመት ከ1000 ነዋሪ ከ23 በላይ በሚሞትበት ከተማ የጤና ቦርድ እንዲቋቋም ለማስገደድ ተፈቀደ። ሆኖም ግብሩን የሚከፍሉት ሰዎች ወጪውን በመፍራት፣ የየከተማው ሹማምንትም ሥልጣናቸው እንዳይነካ በመሥጋት ተቃወሙት፤ ቻድዊክም በ1854 ዓ.ም. ከሥራው ተሰናበተ።

በ1858 ዓ.ም. በጋ የቴምዝ ወንዝ ክፉ ሽታ በዳርቻው ወዳለው ፓርላማ በገባ ጊዜ ግን፣ እንደራሴዎቹ ለለንደን የቆሻሻ ውሃ ቦይ የሚሆነውን ገንዘብ ሳይዘገዩ ፈቀዱ። ሥራውን የመራው መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዘልጄት ነበር። በ1866 ዓ.ም. ኮሌራ ዳግመኛ ሲነሣ ከሁሉ ይልቅ የተጐዳው፣ ቦዩ ገና ያልተፈጸመለት የምሥራቅ ለንደን ሕዝብ ሆነ።

ቦዩ የተሠራው በፋብሪካና በንግድ ከተገኘው ሀብት ነው የሚል ቢኖር እውነት ነው፤ ያለ ገንዘብ ጤና አይጠበቅም። ነገር ግን ሀብቱ ቦዩ ከመሠራቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነበረ። የጐደለው ገንዘብ ሳይሆን ሕይወትን የሚያስቀድም ውሳኔ ነው። ስለዚህ የሀብት መጨመር ለመንግሥት መሣሪያ እንጂ ግብ ሊሆን አይገባም፤ ውሳኔው በዘገየባቸው ዓመታት የሞቱትን ሕፃናት በኋላ የመጣው ብልጽግና አልመለሳቸውምና።