ልክ የተሠራ ጠመንጃ ወይስ የፋብሪካ? ከጋፋት እስከ ሆሳዕና

ሆሳዕናን የቆረቆሩት ሰው መድፈኛ ነበሩ። ራስ አባተ ቧያለው ገና ሊቀ መኳስ ሳሉ፣ በዓድዋ ዘመቻ ከበጅሮንድ ባልቻ ጋር ሆነው የምኒልክን መድፎች ያዝዙ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከምባታና ሐዲያን እንዲገዙ ተሾሙ፤ በ1890ዎቹም ዋቸሞ በሚባለው ቦታ ላይ ከተማ መሠረቱ። ስሙን ሆሳዕና ያሉት በሆሳዕና በዓል ዕለት ስለገቡ ነው ይባላል። ዋቸሞ የሚለውን የድሮ ስም ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በዩኒቨርሲቲው ነው።

ከተማዋ የቆመችው እንግዲህ መሣሪያ በሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ይሄን ያነሳሁት ስለ አንድ ክርክር ለማውራት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ በረጅም ርቀት ዒላማ መምታትን እንደ ስፖርት የያዙ ሰዎች አንድ የማያልቅ ክርክር አላቸው፦ ጠመንጃዬን በልኬ ላሠራ ወይስ ከፋብሪካ የወጣውን ልግዛ? ለእኛ ሰው ነገሩ የሀብታም ቅንጦት ይመስላል። ምን አገባን? ያስብላል። ግን ይሄንኑ ጥያቄ የእኛ ነገሥታት ከ150 ዓመት በፊት ጠይቀውታል። መልሱም ማን መሬት እንደሚይዝ፣ ማን ገባር እንደሚሆን ወስኗል፤ ሐዲያና ከምባታ ላይ ደግሞ በደንብ ወስኗል።

መጀመሪያ ልዩነቱን እንየው። ነገሩ እንደ ልብስ ነው። ልክ ሰፊ ጋ ሄደህ ትከሻህን፣ ወገብህን፣ ክንድህን አስለክተህ ታሰፋለህ፤ ወይም ሱቅ ገብተህ ዝግጁውን ትገዛለህ። በልክ የሚሠራ ጠመንጃም እንደዚያው ነው። ሰደፉ በተኳሹ ትከሻና ክንድ ልክ ይቀረጻል፤ በርሜሉ ተመርጦ ይገባል፤ ጥይቱ የሚያርፍበት ጎሬ በጠባብ ልክ ይፈለፈላል። ብዙዎቹ ባለቤቶች ጥይታቸውንም ባሩዱን መዝነው በእጃቸው ይሞላሉ። የፋብሪካው ግን ለማንም ይሆናል ተብሎ በሺህ የሚቆጠር አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ዋናው ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው፤ የአንዱ ዕቃ ሲሰበር የሌላው ይገጥማል፤ አንድ ዓይነት ጥይት ሁሉንም ይመግባል።

ታዲያ የቱ ይሻላል? እንግሊዞች ይሄን በደንብ ፈትነውታል። ጆሴፍ ዊትወርዝ የሚባል መሐንዲስ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የበርሜሉ ውስጥ ባለ ስድስት ጎን የሆነ፣ በከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሠራ ጠመንጃ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1860 ንግሥት ቪክቶሪያ ዊምብልደን ላይ የተኩስ ውድድር ሲከፍቱ ከማስደገፊያ ላይ የታሰረ የዊትወርዝ ጠመንጃ ተኮሱ፤ 400 ያርድ፣ ማለትም ወደ 365 ሜትር ርቀት ላይ ጥይቱ ከዒላማው መሐል 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ራቀ። ሠራዊቱ የሚይዘውን የኤንፊልድ ጠመንጃ በርቀትም በዒላማም አስከነዳው። ሆኖም የእንግሊዝ ጦር አልተቀበለውም። ዋጋው ከኤንፊልዱ ብዙ እጥፍ ነበር፤ ጠባቡ በርሜልም ቶሎ በባሩድ ጥላሸት ይዘጋል። ዊትወርዝ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጥቂት አልሞ ተኳሾች እጅ ገባ፤ መላ ሠራዊት ግን አላስታጠቀም።

እንግሊዞች የመረጡት ሌላ መንገድ ነው። በመጋዘን የተከመረውን ኤንፊልድ ወስደው፣ ጄኮብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ ባወጣው ዘዴ ከኋላ እንዲጎርስ አደረጉት። ተኳሹ ባሩድና እርሳስ በአፈሙዝ እየጠቀጠቀ መቆሙ ቀረ፤ ቀለሁን ከኋላ አስገብቶ ይተኩሳል። ይሄ ጠመንጃ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ስሙ «ሰናድር» ሆነ።

በዚያው ዘመን አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የራሳቸውን ፋብሪካ ለመትከል እየታገሉ ነበር። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ሰዎቹ ይሄ ሙያችን አይደለም ቢሉም አልተለቀቁም። ከብዙ ሙከራ በኋላ ሴባስቶፖል ተሠራ፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ነው። መንገድ እየተቆፈረለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። በሚገባ ካየነው ሴባስቶፖል በልክ የተሠራ መሣሪያ ነው። አንድ ንጉሥ አዞት፣ ለአንድ ዘመቻ የተሠራ፣ መለዋወጫም ወንድምም የሌለው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ የቴዎድሮስ ሠራዊት ከሰናድር ጋር ተገናኘ። ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዞች ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡም ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። የቴዎድሮስን ሕልም የሚያፌዝበት ካለ አልስማማም፤ መሣሪያውን ራሳችን እንሥራ ማለታቸው ትክክል ነበር። ያጡት ጊዜና ብዛት ነው። ሰባት ቶን ነሐስ የጠጣውን ድካም አንድ ፋብሪካ በአንድ ወር ከሚያወጣው ጠመንጃ ጋር ማስተያየት አይቻልም።

ከእሳቸው በኋላ የመጡት ትምህርቱን ወሰዱ። አፄ ዮሐንስ ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን ሲያሸንፉ ብዙ ሺህ የፋብሪካ ጠመንጃ ማረኩ፤ አብዛኛው ሬሚንግተን ነበር። ምኒልክ ደግሞ ገበያ ወጡ፤ ከፈረንሣይ፣ ከጣሊያን፣ ከሩሲያ፣ የሚሸጥ ካለ ከማንም። ሻጮቹ ግን ሁልጊዜ ታማኝ አልነበሩም። ፈረንሣዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከ2,000 በላይ ጠመንጃ ጭኖ ሸዋ ሲገባ ያመጣው አውሮፓ የጣለችውን በካፕሱል የሚተኮስ አሮጌ ዕቃ ነው። ምኒልክም ዋጋውን ቆራርጠው ከፈሉት። በ1880 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ግን ጣሊያን ከዮሐንስ ጋር ስትጣላ ገለልተኛ እንዲሆኑላት 5,000 ሬሚንግተን ልትሰጣቸው ተዋዋለች።

የጠመንጃዎቹ ስም ዛሬም በአማርኛችን ውስጥ አለ። ውጅግራ የፈረንሣዩ «ፊዚ ግራ» ነው፤ ምንሽር ማንሊከር ነው፤ ለበን ለበል ነው። አያቶቻችን በቀረርቶና በፉከራ የሚጠሯቸው የፋብሪካ ስሞች ናቸው ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ጠመንጃ ከዓድዋ በፊት የሄደው ወደ ደቡብ ነው። እዚህ ላይ ታሪኩ ይከብዳል። በቀቤና የተነሡት ሐሰን እንጃሞ የሐዲያን ሰው ጨምሮ ብዙ ሕዝብ አስተባብረው የሸዋን ጦር ተቋቋሙ፤ በ1881 ዓ.ም. ገደማ በራስ ጎበና ዳጬ ተሸነፉ። ከምባታም ቀጥሎ ገባ፤ በሐምበሪቾ ተራራ ዙሪያ የነበረው መንግሥት በመጨረሻው ንጉሥ በዎማ ድልባቶ አበቃ። በ1887 ዓ.ም. ወላይታ ተራው ደረሰ። ጀግንነት የጎደለው ወገን አልነበረም። ጦር የሚወረውር ፈረሰኛ ጥሩ ቢሆን የሚደርሰው አንድ መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ውጅግራ የያዘ ወታደር ደግሞ ስሙን እንኳ የማያውቀው ፋብሪካ የሰጠው ርቀት አለው። ረጅም ርቀት መተኮስ ስፖርት ከመሆኑ በፊት እንዲህ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሥርዓት በመሣሪያው ስም ጠራነው። ነፍጥ የያዘው ነፍጠኛ ተባለ። ደመወዝ በገንዘብ ስለማይከፈለው ገባር ተመደበለት፤ ገባሩ አርሶ ያበላዋል፣ እህል ይፈጭለታል፣ አጥር ያጥርለታል፣ ዕቃ ይሸከምለታል። ሆሳዕናን ጨምሮ በአካባቢው የቆሙ ብዙ ከተሞች የተጀመሩት በዚህ መልክ፣ እንደ ጦር ሰፈር ነው። ያንን መሬት ከባለቤቱ ጋር ያፋታው የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ነው።

ግን የምኒልክን ምርጫ ስንዳኝ ዓድዋን መርሳት አንችልም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያን ወታደር በእጁ የያዘው ቬተርሊ ጠመንጃ ነበር። ከእሱ ፊት የቆመው ኢትዮጵያዊም ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ አልፎም ጣሊያን ራሷ የሰጠችውን መሣሪያ ይዟል። ምኒልክ ጋፋትን ሊደግሙ ቢቀመጡ ኖሮ ያ ቀን እንደዚያ አይውልም ነበር። ያው ጠመንጃ ሐዲያን ገባር አድርጓል፤ ዓድዋ ላይ ደግሞ አገሪቱን ከቅኝ ግዛት አድኗል። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ግድ ነው፤ አንዱን ብቻ የሚነግረን ሰው ግማሹን ነው የሚነግረን።

የፋብሪካው ምርጫ ሌላም ዋጋ ነበረው፤ ይሄ ቀስ ብሎ የታየ ነው። ከየአገሩ የተገዛ ጠመንጃ ከየአገሩ ጥይት ይፈልጋል። የግራው 11 ሚሊ ሜትር ጥይት ለሬሚንግተኑ 11 ሚሊ ሜትር አይሆንም፤ የቬተርሊው ደግሞ ሌላ ነው። ጥይት ብርቅ ከመሆኑ የተነሣ በገበያ እንደ አሞሌ ጨው ለመገበያያም ያገለግል ነበር። የጥይቱን ግምጃ ቤት የያዘ አገር ይይዛል። ይሄን ከሆሳዕናው መሥራች በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በ1903 ዓ.ም. የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሲሞቱ፣ ራስ አባተ ሥልጣኑን ለመያዝ ሲነሡ ዓይናቸው ያረፈው በቤተ መንግሥቱ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ላይ ነው። አልተሳካላቸውም፤ ታሰሩ።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ተመልሳ ስትመጣ ሒሳቡ ተወራረደ። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ወራት እንግሊዝና ፈረንሣይ ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ዓይነቱ የበዛ አሮጌ ጠመንጃና ጥቂት ጥይት ይዞ የዘመተው ሠራዊት መግዣው ገበያ ተዘጋበት። በግዢ የመጣ ኃይል ሻጩ እጁን ሲሰበስብ አብሮ ይሰበሰባል።

ታዲያ በልክ የሚሠራውን የሚሠራልን ማን ነበር? ሰው ጠፍቶ አይደለም። በሐዲያም በከምባታም ጦሩን፣ ማጭዱን፣ ቢላውን የሚቀጠቅጥ ባለሙያ ነበር። ግን ከገበሬው ጋር አይጋባም፤ አብሮ አይበላም፤ መሬትም ይነፈግ ነበር። በሰሜኑም ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ይሄ አዋጅ የወጣው ጠመንጃው ተገዝቶ ካለቀ በኋላ ነው። ብረት የሚያቀልጠውን ሰው ከማዕድ ያገለለ አገር፣ ሰሜንም ይሁን ደቡብ፣ ጠመንጃውን ከውጭ ከመግዛት ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ቁጭት ይሄ ነው።

ወደ ስፖርተኞቹ ክርክር ልመለስ። አንድ ሰው ለራሱ፣ አንድ ዒላማ ለመምታት፣ ጊዜና ገንዘብ ካለው በልኩ ያሠራ። ብዙ ሰው ማስታጠቅ የፈለገ የፋብሪካውን ይገዛል። ሁለቱም ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው ጥይቱ ከየት ይመጣል? የሚለውን ነው፤ እኛ ዘግይተን የጠየቅነው እሱን ነው።

መልሱ በስሞቹ ውስጥ አለ። ዛሬ የኢትዮጵያ መንግሥት ጠመንጃ የሚያመርትበት ፋብሪካ ጋፋት ይባላል፤ የቴዎድሮስን ቦታ ስም ወርሶ። ጥይት የሚያመርተው ደግሞ ሌላ ነው፤ ሆሚቾ። የመጀመሪያውን ስም ማንም ተማሪ ያውቀዋል። ሁለተኛውን ስንቶቻችን እናውቃለን?