ከኅዳር ጭስ እስከ ጉለሌው ትምህርት



ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ቀጨኔ ላይ ቆመን ቁልቁል ከተማዋን ብናይ፣ ከየሰፈሩ የቆሻሻ ጭስ ሲነሳ እናያለን። «ኅዳር ሲታጠን» እንለዋለን። ከጭሱ ጀርባ ያለውን ሐዘን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም።

በኅዳር 1911 ዓ.ም ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታት። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ለጥቂት ተረፉ። በከተማዋ ብቻ እስከ 10 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ቀባሪ ጠፋ፤ ሬሳ ለጅብ ተረፈ። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በሽታው የት እንደደረሰ የሚከታተል፣ የታመመውን የሚቆጥርና አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ አልነበረም። በሰው እጅ የነበረው መከላከያ ጭስ ነበር።

ወረርሽኝ ቀጠሮ አይሰጥም። ሲመጣ የሚታደገን አስቀድመን ያዘጋጀነው ብቻ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ፣ ሰርግ ላይ የወረርሽኙን ወሬ ሰሙ። ሙሃጂሮችን፣ አንሷሮችንና የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩ። ሐሳቡ ቢለያይም ሰዉን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። ከዚያም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ)፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም ሸሽተው እንዳይወጡ ማዘዛቸውን ነገሯቸው። ሰበብ ማድረስ ተወኩልን አያፈርስም።

በአገራችንም ዝግጅት ፍሬ ሲያፈራ አይተናል። ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በጥር 1963 ዓ.ም ተጀመረ። ሠራተኞቹ ተራራ ወጥተው፣ በረሃ አቋርጠው፣ የታማሚ ሥዕል እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ጠየቁ። ታማሚ ሲገኝ በዙሪያው ያሉትን ከተቡ። በነሐሴ 1968 ዓ.ም የመጨረሻዋ ታማሚ በባሌ ቆላ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘች። ከዚያ በኋላ ፈንጣጣ በኢትዮጵያ አልታየም።

ዛሬ ይህ ሙያ በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል። በ2001 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ትምህርት ተጀመረ። ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ሩቡ በክፍል ውስጥ፣ የቀረው በመስክ ነው። የትምህርቱ አጋር የሆነው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ደግሞ ከቀጨኔ ብዙ ሳይርቅ፣ እዚያው ጉለሌ፣ ፓስተር በምንለው ሰፈር ይገኛል።

ተማሪው ምን ይማራል? ቀጨኔ ውስጥ ተቅማጥ በረከተ እንበል። መጀመሪያ ማን «ታማሚ» ተብሎ እንደሚቆጠር ይወስናል። ቤት ለቤት ዞሮ ማን፣ የት፣ መቼ እንደታመመ ይመዘግባል። የታመሙትን ካልታመሙት ጋር ያነጻጽራል፦ ከየትኛው ውኃ ጠጡ? ምን በሉ? ምንጩ ሲታወቅ ይዘጋል። በ2008 ክረምት አተት አዲስ አበባ ሲገባ ያስፈለገው ይህ ሥራ ነበር።

ኮሮናንም እናስታውስ። በ2012 ዓ.ም የተጠርጣሪዎች ናሙና በመጀመሪያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ ሲገለጽ ግን፣ ምርመራውን ጉለሌ ላይ ማድረግ ተችሎ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ይህን ማድረግ የተቻለው ቀድሞ የሠለጠነ ሰው ስለነበረ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዑለማዎቻችን ሕክምናን ከፈርዱል ኪፋያ ይቆጥሩታል፤ የሚበቃ ሰው ከተነሳ ከሌላው ይወርዳል፣ ማንም ካልተነሳ ግን ሁሉም ይጠየቅበታል። በጤና ወይም በላቦራቶሪ ሙያ ዲግሪ ይዛችሁ «ቀጥሎ ምን ልማር?» የምትሉ ካላችሁ ይህን መንገድ አስቡበት። የሚቀጥለው ኅዳር ሲመጣ በእጃችን ከጭስ የተሻለ ነገር ይኑር።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን።