ንግሥት እሌኒ፦ የጎጃም ባለጉልት

የጎጃም ታሪክ ሲነሣ ቶሎ የሚጠሩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ራስ ኃይሉ ናቸው፤ የአርበኝነቱ ዘመን ሲወሳ ደግሞ በላይ ዘለቀ። ከእነርሱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀድመው በጎጃም ምድር ያዘዙትን ንግሥት እሌኒን ግን በየገበያውና በየማኅበሩ ስናነሣቸው አንሰማም። በዚህ እትም ስለ እሳቸው ልናወጋችሁ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ነበሩ። ሐድያ በዚያ ዘመን ሙስሊም ገዥዎች የነበሩት፣ ለክርስቲያኑ ንጉሥ የሚገብር አገር ነው። እሳቸውም ክርስትና ተነሥተው ከ1434 እስከ 1468 ለነገሡት ለዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ተዳሩ። እንዲህ ያለው ጋብቻ የሁለት አገር ማስታረቂያ ስለሆነ ልጅቱን ፈቃድሽ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቃት የለም። ልጅም አልወለዱም። ያልወለደች የንጉሥ ሚስት ባሏ ሲሞት ከቤተ መንግሥት ወጥታ ትረሳለች ቢባል የሚያስገርም አልነበረም።

እሌኒ ግን አልተረሱም። ከዘርአ ያዕቆብ በኋላ የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም የገዛ እናታቸው ሞተው ስለነበር እሌኒን እንደ እናት አከበሯቸው። የንጉሡ ዜና መዋዕል ስለ እሌኒ ሲናገር ሃይማኖታቸውን ካመሰገነ በኋላ የማዕድ ዝግጅት ችሎታቸውን፣ የመጻሕፍትና የሕግ እውቀታቸውን፣ የመንግሥት ሥራ አዋቂነታቸውን አንድ ላይ ይቆጥራል። የጓዳው ሙያና የአደባባዩ እውቀት በአንድ ሰው ላይ ቢገኙ አንዱ ሌላውን እንደማያሳንስ የዚያ ዘመን ጸሐፊ አውቆት ነበር። ለእመቤታችን የተደረሱ የግእዝ ድርሰቶችም በስማቸው ይጠራሉ። ከዘርአ ያዕቆብ እስከ ልብነ ድንግል ስድስት ነገሥታት ሲፈራረቁ እሳቸው ከምክሩ ቦታ አልታጡም።

የእሌኒ አቅም ምክር ብቻ አልነበረም። ጎጃም ጉልታቸው ነበር፤ ጉልት ማለት የአገሩን ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። በዛሬው ምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር፣ የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላ የጎጃም ግብር ወደ ንጉሡ ሲገባ በዐይኑ ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ 3,000 በቅሎ፣ 3,000 ፈረስ፣ 3,000 ወፍራም የጥጥ ልብስ እንደነበረበት ጽፏል። እኛ ሴቶች በዚህ ቁጥር ላይ ቆም ማለት አለብን። ጥጡን ዳምጦና ነድፎ በእንዝርት ፈትሎ ድርና ማግ የሚያደርሰው የሴት እጅ ነው፤ ሸማኔው የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። የልብሱ ብዛት ተጽፎልናል፤ የፈታዮቹ ስም ግን የለም።

ልብነ ድንግል በ1508 ሲነግሡ ገና ልጅ ነበሩ። መንግሥቱን በሞግዚትነት ከያዙት መካከል ዋናዋ እሌኒ ሆኑ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን አደጋ አስቀድመው አዩና ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ መልእክት አስይዘው ወደ ፖርቱጋል ላኩ። መልእክቱ ባጭሩ እናንተ መርከብ አላችሁ፣ እኛ ስንቅና ሠራዊት አለን፣ እንተባበር የሚል ነበር። ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው። መልሱን ይዘው የመጡት ፖርቱጋላውያን ምጽዋ የደረሱት በ1520 ሲሆን ማቴዎስ ራሱ እዚያው ሰሜን ሳለ ሞተ። ወጣቱ ንጉሥ ግን በዚያ መካከል በጦርነት ድል አድርገው ስለነበር የአሮጊቷን ጉዳይ እንደ ቸኮለ ነገር አላዩትም። መልእክተኞቹ ስድስት ዓመት ያህል ቆይተው ተመለሱ። በ1529 በሽምብራ ኩሬ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ተሸነፉ፤ በዚያው ጦርነት መርጡለ ማርያምም ተቃጠለች። የፖርቱጋል ወታደሮች፣ 400 ያህል ሆነው፣ የደረሱት በ1541 ነው፤ የተቀበሏቸውም ሌላ ሴት፣ የልብነ ድንግል ባለቤት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ነበሩ። የእሌኒ መልእክት ፍሬ ያፈራው እሳቸው ካረፉ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

እሌኒ ያረፉት አልቫሬዝ በአገሩ ሳለ ነው። ሕዝቡ እሳቸው ሞተው እኛም ሞትን፣ ለሁላችንም እናትም አባትም ነበሩ ብሎ እንዳለቀሰ ይናገራል። ልቅሶው ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን የሚያስፈራም ነገር አለበት። የአንድ አገር መጠጊያ አንዲት ሴት ብቻ ከሆነች፣ እሷ ስትሞት መጠጊያውም አብሮ ይቀበራል። ጉልታቸው ወደ ንጉሡ ተመለሰ። ምክራቸውን የሚረከብ ሸንጎ አልነበረም።

ማኅበራችን ከእሌኒ የሚማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በእጅ ያለ ሀብት ለቃል ክብደት ይሰጣል። ዛሬ በክልላችን የመሬት ደብተር ላይ የሚስት ስም ከባል ስም ጋር ይሰፍራል፤ እናንተም በየወሩ የምትቆጥቡት ገንዘብ በስማችሁ ነው። እሱን የያዘች ሴት ስትናገር ትደመጣለች። ሁለተኛው ይከብዳል። ጎበዝ ሰብሳቢ ስናገኝ ሁሉን ነገር በእሷ ላይ እንጥላለን፤ ሒሳቡን እሷ ታውቃለች፣ ደጋፊዎቹን እሷ ታነጋግራለች፣ ጠቡን እሷ ታበርዳለች። እንዲህ የተደገፈ ማኅበር ደግ አልቃሽ ያፈራል እንጂ ወራሽ አያፈራም። መዝገቡን ማንበብ የምትችል ሁለተኛና ሦስተኛ ሴት በየቡድኑ ትኑር፤ ቁልፉም በአንድ ሰው ወገብ ላይ ብቻ አይታሰር። ደጋፊዎቻችንም ለሥልጠና የምትሰጡት እርዳታ ከሰብሳቢዎች አልፎ ገና ስማቸው ላልተጠራው አባላት እንዲደርስ የምንለምናችሁ ለዚህ ነው።