የሽቦው ድምፅና የጋልማው ከበሮ

በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ አካባቢ ያደገ ሰው ከሩቅ የሚያውቀው አንድ ድምፅ አለ። ይኸውም በሌሊት ከቃሉ ጋልማ የሚሰማው ከበሮ፣ ጭብጨባና የተቀባዮች ዜማ ነው። ድምፁ ሸለቆ አቋርጦ ሲደርስ ግጥሙ ይጠፋና ማስተጋባቱ ብቻ ይቀራል። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የምዕራባውያን የላቦራቶሪ ጨዋታ ነው፣ እኛን አይመለከተንም የሚሉ የኪነ ጥበብ ሰዎች ይህን ድምፅ ልብ እንዲሉት እሻለሁ። ምክንያቱም እስካሁን ከሚታወቁት የዚህ ሙዚቃ ቀደምት ሥራዎች አንዱ የተሠራው ይህንኑ ከሚመስል ድምፅ፣ ከዛር ሥርዓት ነው።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ ነው። ሀሊም ኤል ዳብ የተባለ የ23 ዓመት ግብፃዊ ወጣት በትምህርቱ የእርሻ ሰው እንጂ የሙዚቃ ባለሙያ አልነበረም (የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት ልጆች ይህን ሲሰሙ ቢኮሩ አይፈረድባቸውም)። ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚቀዳ ከባድ መሣሪያ ከሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ፣ ከጓደኛው ጋር ተሸፋፍኖ ሴቶች ብቻ ወደሚታደሙበት የዛር ሥርዓት ገባ። ከዚያም የቀዳውን በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ እያሰማ ደግሞ ቀዳው። መነሻ ድምፆቹን እየቀነሰ በላያቸው የሚያንዣብቡትን ረቂቅ ድምፆች አወጣ። ሸለቆው በአምቦ የሚሠራውን እርሱ በስቱዲዮ ሠራው ማለት ነው። ሥራው በካይሮ በአንድ የሥነ ጥበብ ማሳያ አዳራሽ ለታዳሚ ቀረበ። ዘፋኝም ተጫዋችም በመድረክ ያልታየበት፣ በአንድ አማተር የተዘጋጀ ኮንሰርት ነበር። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ተመሳሳይ ሙከራውን በፓሪስ ሬዲዮ ያሰማው ከ4 ዓመት በኋላ ነው።

አያናና ዛር አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አያና በኦሮሞ እምነት ውስጥ እጅግ ሰፊ ትርጉም አለው። ይሁን እንጂ ዛር ወደ ግብፅ የገባ እንግዳ እንደሆነና ምንጩ ከኢትዮጵያ እንደሚመዘዝ ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ።

ኤል ዳብ በ1959 በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠራ በኋላ፣ በ1962 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር መጣ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ ኋላም ተስፋዬ ለማ መርቶታል። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና እምቢልታ ከየአገራቸው መጥተው በአንድ ጓድ ተሰለፉ። ኤሌክትሪክ አልነበረበትም፤ ጆሮው ግን ያው የካይሮው ጆሮ ነው።

በ1974 አብዮት ማግሥት የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችው አምቦም እንደ ሌሎች ከተሞች ሁሉ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። እነዚህ አማተሮች ለብዙ ወጣት መድረክ ከፍተዋልና ሊናቁ አይገባም። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ወደ መድረኩ የመጣው በሞንታርቦና በኦርጋን መልክ፣ ድምፅን ለማጉላት እንጂ ለመመርመር አልነበረም። የጋልማው ከበሮም አጉል እምነት ተብሎ ከደጅ ቀረ። ሰባኪውም ካድሬውም በዚህ አንድ ነበሩ። እምነቱን መቃወም መብት ነው፤ ድምፁን ሳይቀዱ ማስረሳት ግን የባህል ሠራተኛ ሥራ አይደለም።

ባለፉት ዐሥር ዓመታት ገደማ እንደ ሚካኤል ሰይፉና እንደ እንደገና ሙሉ ያሉ የአዲስ አበባ ወጣቶች መሰንቆንና የአዝማሪን ድምፅ በኮምፒዩተር እየፈተሹ የራሳቸውን ሙዚቃ ሠርተዋል። ዛሬ በጉደር ያለ አንድ መምህር በኪሱ ስልክ ከኤል ዳብ ሽቦ የተሻለ መቅጃ ይዟል። ከእርሱ የሚፈለገው ተሸፋፍኖ መግባት ሳይሆን ቃሉን አስፈቅዶ፣ የዘማሪዎቹን ስም መዝግቦ መቅዳት ነው። የካይሮዎቹ ሴቶች ስም አልተመዘገበም። ከ20 ደቂቃ በላይ ይወስድ ከነበረው ሥራም በ2000 በዲስክ የወጣው 2 ደቂቃ ያህሉ ነው።