ያረጀ የሌሊት ዘብ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አበው። ምሳሌው የውሻን ታማኝነት ሲመሰክር ኖሯል። ነገር ግን ያልመለሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ውሻው አርጅቶ፣ ሌባም ጅብም በሌለበት ሌሊት ያለማቋረጥ ሲጮኽ፣ የበላበት ቤት ምን ያድርገው የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም በውስጡ የአንድ ረጅም ታሪክ መደምደሚያ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያን ታሪክ ባጭሩ ማስታወስ ነው።

ነገሩን እንድመረምር ያስገደደኝ በገዛ ቤታችን የደረሰው ነው። አባቴ ከ13 ዓመት በፊት በቡችላነቱ ያመጡት ቦቢ የተባለ ውሻ፣ ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ እየተነሣ ፊቱን ወደ ባዶ ግድግዳ አዙሮ መጮኽ ጀመረ። ሕመምተኛ የሚያስታምሙት ጎረቤታችን አንድ ማለዳ መጥተው «ልጄ፣ እኔ ውሻውን አልጠላሁትም፤ እንቅልፌ ነው የናፈቀኝ» አሉኝ። በሰፈራችን ለዚህ ዓይነቱ ችግር የተለመደው መፍትሔ አጭር ነው፤ በሥጋ የተጠቀለለ መርዝ። ይህንኑ የመከሩን ሰዎች አልጠፉም።

በመሠረቱ የውሻ ጩኸት ከሰው ጋር አብሮ ያደገ ነገር ነው። የውሻ የቅርብ ዘመድ የሆነው ተኩላ ሲያድግ የሚጮኸው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ውሻ ግን በየምክንያቱ ይጮኻል። በጀርመን አገር ኦበርካሰል በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1914 ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ጋር የተቀበረ ውሻ አጽም ተገኝቷል። መቃብሩ 14,000 ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፣ ያ ቡችላ በጠና ታሞ የነበረና ያለ ሰው እንክብካቤ ለሳምንታት ሊቆይ የማይችል ነበር። ስለዚህ ሰው ለማይጠቅመው ውሻ መጨነቅ የጀመረው ከእርሻና ከከተማ አስቀድሞ ነው ማለት ይቻላል።

ጩኸቱን በሥርዓት ለጥበቃ ስለ ማዋል በጽሑፍ ከተዉልን መካከል ሮማውያን ይጠቀሳሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ምእተ ዓመት የኖረው ካቶ፣ ውሾች በሌሊት ይበልጥ ንቁ እንዲሆኑ ቀን ቀን ተዘግቶባቸው እንዲውሉ መክሯል። ከልደት በኋላ በአንደኛው ምእተ ዓመት ስለ እርሻ የጻፈው ኮሉሜላ ደግሞ፣ የግቢ ዘብ ቀለሙ ጥቁር፣ ድምፁም ወፍራም ይሁን ይላል። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን ጥንቁቁን ውሻ ከችኩሉ መለየቱ ነው። ጥንቁቁ ያረጋገጠውን ብቻ ያስታውቃል፤ ችኩሉ ግን በከንቱ ኮሽታና በሐሰት ጥርጣሬ ይነሣሣል። እኛ መሐንዲሶች ዛሬ «የሐሰት ማስጠንቀቂያ» የምንለውን ችግር ኮሉሜላ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ተረድቶት ነበር።

ሮማውያን ግን ለዘቦቻቸው ምሕረት አልነበራቸውም። በታሪካቸው እንደሚተረከው፣ ከልደት በፊት በ390 ዓመት ጋሎች በሌሊት ካፒቶል የተባለውን ኮረብታ ሲወጡ ውሾቹ ዝም አሉ፤ ከተማይቱን በጩኸታቸው ያነቁ ዝዮች ናቸው። ለዚህም መታሰቢያ በየዓመቱ ውሾች ይሰቀሉ ነበር። በሌላ በኩል ሲሴሮ ከልደት በፊት በ80 ዓመት ባደረገው የጥብቅና ንግግር፣ የካፒቶል ውሾች ሰው በቀን ሊሳለም ሲመጣ ቢጮኹ እግራቸው ሊሰበር ይገባል ብሏል። እንግዲህ ዘቡ ዝም ቢልም ይቀጣል፣ ያለ ጊዜው ቢጮኽም ይቀጣል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ጊዜ ጀምሮ ጅብ ከከተማይቱ ርቆ አያውቅም። ሰፊ ግቢ በነበረበት ዘመን የውሻ ጩኸት ለጎረቤትም ደኅንነት ነበር፤ አንዱ ሲጮኽ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሰውም ይነቃል። ግቢው እየጠበበ፣ ቤቱም እየተጠጋጋ ሲሄድ ግን ያው ድምፅ የጠብ ምክንያት ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1225ኛው አንቀጽ፣ ባለርስት ከመልካም ጉርብትና ወሰን ባለፈ ጢስ፣ መጥፎ ሽታ ወይም ድምፅ ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዝዛል። ስለዚህ ጎረቤታችን ያነሡት አቤቱታ የይሉኝታ ብቻ ሳይሆን የመብትም ጉዳይ ነበር።

ታዲያ ያረጀ ውሻ ስለ ምን በሌሊት ይጮኻል? አሎይስ አልዛይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በስሙ የሚጠራውን የአእምሮ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1906 ለሙያ ጓደኞቹ ገለጸ። በዚህ በሽታ በሰው አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመው ፕሮቲን በሸመገሉ ውሾችም አንጎል እንደሚገኝ በኋላ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 11 እና 12 ዓመት ከሆኑት ውሾች 28 በመቶው፣ 15 እና 16 ዓመት ከሆኑት ደግሞ 68 በመቶው ቢያንስ አንድ የመዘንጋት ምልክት እንዳሳዩ ገልጿል። ምልክቶቹም አቅጣጫ መሳት፣ ሰው መርሳት፣ ቀንን ከሌሊት ማዛባትና የመሳሰሉት ናቸው። በዚህ ላይ የጆሮ መደንቆር፣ የዓይን መፍዘዝና የመገጣጠሚያ ሕመም ሲጨመሩበት፣ ውሻው የሚጮኸው ሌባ አይቶ ሳይሆን ያለበት ቦታ ጠፍቶበት ይሆናል።

ቦቢን የመረመሩት የእንስሳት ሐኪም መስማቱ እጅግ መዳከሙንና የኋላ እግሮቹ እንደሚያሙት አረጋገጡ፤ የሕመም ማስታገሻም አዘዙለት። የቀረው ሥራ የእኔ ሙያ ነበር። ድምፅ በገላጣ ስፍራ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከላይ ያለው አየር ከታችኛው ይልቅ ይሞቃል፤ ድምፁም ወደ ምድር ጎብጦ ሩቅ ይጓዛል። የቦቢ ማደሪያ ከጎረቤታችን መስኮት 4 ሜትር ያህል ርቆ፣ የቆርቆሮ አጥሩን ተደግፎ ነበር። ወደ 16 ሜትር አርቀን ከቤታችን ግድግዳ ጀርባ አዛወርነው፤ ይህም በርቀቱ ብቻ 12 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ወፍራም ምንጣፍ አነጠፍንለት፤ እንዳይደናገር አነስተኛ መብራት አበራንለት፤ አመሻሽ ላይ በቀስታ እናንሸራሽረዋለን፤ ከመተኛታችንም በፊት ለሽንት እናወጣዋለን። ሲጮኽ አንገሥጸውም፤ የማይሰማን መገሠጽ ከንቱ ነውና። አባቴ ወርደው ጀርባውን ሲዳብሱት ዝም ይላል።

ጩኸቱ ፈጽሞ አልጠፋም። በየሌሊቱ ሰዓታት ይፈጅ የነበረው አሁን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሆኗል። ለጎረቤታችንም የውሻውን ሁኔታ ሳንደብቅ ነገርናቸው፤ ሕመምተኛቸው ከባሰባቸው በዚያ ሌሊት ቦቢን ወደ ቤት አስገብተን ልናሳድረው ቃል ገባን። ሁለት ጊዜም አድርገነዋል።

መርዙን የመከሩን አንድ ዘመዳችን በቅርቡ መጥተው፣ ለማይጠብቅ ውሻ ይህን ያህል ወጪና ድካም ስለ ምን እንደሆነ አባቴን ጠየቋቸው። አባቴም «የበላው አስቀድሞ የጮኸበትን ነው፤ ዕዳ የለበትም» ብለው መለሱ። እኔም ከታሪኩ የተረዳሁት ከዚህ የራቀ አይደለም። ጩኸቱን ለጥቅማችን የፈለግነው እኛ ነን፤ ሲያረጅና ጊዜውን ሲስት መላ መፈለጉም የእኛ ድርሻ ነው።