የሞስኮ ጃዝ፦ እንግዳው እንዴት ባለቤት ሆነ?

ሞስኮ ሲባል የብዙ አንባቢ ሐሳብ ወደ ክሬምሊን ግንብ ይሮጣል። የዚህ ጽሑፍ ሞስኮ ግን ሌላ ናት፤ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ፣ በአይዳሆ ክፍለ ግዛት፣ ስንዴ በሚታጨድባቸው ኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ። ስሟን በሙዚቃው ዓለም ያስጠራው በ1967 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የጃዝ በዓል ነው። ጃዝን የወለደው ጥቁር ሕዝብ እምብዛም በማይኖርበት፣ ከኒው ኦርሊንስም ሆነ ከሐርለም እጅግ በራቀ ምድር ይህ በዓል እንዴት ሥር ሊሰድ ቻለ? ጥያቄው ከሙዚቃ ታሪክ ያለፈ ፍሬ ነገር አለው።

ጃዝ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባው በፊት ለፊት በር አልነበረም። የአሜሪካ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ለረዥም ዘመን ባኽንና ቤትሆቨንን ሲያስተምሩ፣ በገዛ አገራቸው ጎዳና የበቀለውን ሙዚቃ የመሸታ ቤት ጫጫታ አድርገው ያዩት ነበር። በ1947 በሰሜን ቴክሳስ የሚገኝ ኮሌጅ ለዚህ ሙዚቃ የመጀመሪያውን የዲግሪ ትምህርት ሲከፍት እንኳ ስሙን ደፍሮ ሊጠራው ስላልቻለ «የዳንስ ባንድ» አለው። ሙዚቃውን አስገብቶ ስሙን ከደጅ ማስቀረት! በ1959 የኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ የኮሌጅ ተማሪዎችን የጃዝ በዓል ጀመረ። ከስምንት ዓመት በኋላ የአይዳሆ ተራ ደረሰ።

አጀማመሩ አነስተኛ ነበር፤ ከአካባቢው የመጡ ጥቂት የተማሪ ባንዶች የሚወዳደሩበት መድረክ። በዓሉ ያደገው ሊን ስኪነር የተባለው የዩኒቨርሲቲው መምህር በ1970ዎቹ አመራሩን ከያዘ ወዲህ ነው። ቀን ቀን ከአይዳሆ፣ ከዋሽንግተን፣ ከኦሪገን፣ ከሞንታና፣ አልፎም ከካናዳ በአውቶቡስ የሚመጡ ተማሪዎች በየአዳራሹ ይጫወታሉ፤ መምህራን አዳምጠው አስተያየት ይሰጣሉ። እንግዶቹ ታላላቅ ሙዚቀኞች ደግሞ ከወጣቶቹ ፊት ቁጭ ብለው የጣቱን አያያዝ፣ የትንፋሹን አወሳሰድ፣ ከሁሉም በላይ ሌላው ሲጫወት የማዳመጥን ሙያ ያሳያሉ። ማታ ማታ ለአሜሪካ እግር ኳስ ተብሎ በተሠራውና በእንጨት ቅስት በተከደነው ኪቢ ዶም ታላቁ ኮንሰርት ይደረግ ነበር። እንደ ሃንክ ጆንስ በፒያኖ፣ እንደ ሬይ ብራውን በባስ ያሉ ጠቢባን አንድ ምሽት ተጫውተው ከመሄድ ይልቅ እየቆዩ ሌሎቹን እንግዶች ያጅቡ ነበር፤ የቤቱ ባንድ እነርሱ ነበሩ ማለት ነው።

በእኛ አገር የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በዱላው እየመከተ ሊቁ ወዳለበት ይጓዛል እንጂ ሊቁ ወደ ተማሪው አይሄድም። በሞስኮ መንገዱ ተገለበጠ፤ ሊቃውንቱ በበረዶ ወራት ወደ ተማሪው መጡ። እርግጥ ተማሪዎችን አወዳድሮ ይህ አንደኛ፣ ያ ሁለተኛ ማለቱ ለእኔ አይዋጥልኝም። እዚያው በጉባኤው መካከል የሚዘረፍ ቅኔ በምን ሚዛን ነጥብ ይሰጠዋል? ሆኖም ውድድሩ ተማሪውን ከቤቱ አስነሥቶ እንዳመጣው መካድ አይቻልም።

በ1984 ከመጡት እንግዶች አንዱ ላየነል ሃምፕተን ነበር። በ1908 በልዊቪል የተወለደው ሃምፕተን በሙያው ድራም መቺ ነበር። በ1930 ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር ሸክላ ሲያስቀርጽ በስቱዲዮው ውስጥ የቆመ ቫይብራፎን አገኘ። ቫይብራፎን የብረት ዘንጎቹ በመዶሻ እየተመቱ፣ ከሥራቸው ባሉት ቱቦዎች በሚሽከረከሩ ክዳኖች አማካይነት ድምፁ የሚርገበገብ መሣሪያ ነው። እስከዚያ ድረስ እንደ ማስጌጫ ደወል ይቆጠር የነበረውን መሣሪያ ሃምፕተን የጃዝ ብቸኛ ተናጋሪ አደረገው። መሣሪያው ወደ እኛም ዘልቋል፤ ሙላቱ አስታጥቄ በቦስተን በርክሊ ትምህርት ቤት ተምሮ ሲመለስ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ያስተናገደው በዚሁ በቫይብራፎን ነው። በኖቬምበር 1973 ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜም ሙላቱ እንግዳውን ተቀብሎ አብሮት ሰነበተ። እንግዳና ነባር እንዲህ ሲገናኙ ከጭብጨባው የሚተርፍ ነገር ይኖራል። እኛ የቲያትር ሰዎች ደግሞ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ በቀር ምንም ሳይተው የሚሄድ እንግዳ ቡድን ስንት ጊዜ አይተናል!

ሃምፕተን ግን አልሄደም። ለበዓሉ ቋሚ ገንዘብ መነሻ የሚሆን ስጦታ ሰጠ፤ በየዓመቱም ተመላለሰ። በ1985 በዓሉ በስሙ ተጠራ። በ1987 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ራሱ የላየነል ሃምፕተን ትምህርት ቤት ተባለ። አርባ ዓመት ቀደም ሲል «ጃዝ» የሚለውን ቃል በዲግሪ ላይ መጻፍ ያሳፍር እንደነበረ ለሚያስታውስ ሰው፣ የአንድ ጥቁር የጃዝ ሙዚቀኛ ስም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በር ላይ መጻፉ ቀላል ነገር አልነበረም።

ስሙ የተጻፈበትም ምድር ሊዘነጋ አይገባም። ከሞስኮ በስተሰሜን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሄይደን ሌክ አጠገብ፣ ሪቻርድ በትለር የተባለ ሰው «የአርያን ሕዝቦች» ያለውን የነጭ ዘረኞች ሰፈር ከ1970ዎቹ ጀምሮ አቋቁሞ ነበር። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ዘረኞች መስቀል የሚያቃጥሉበት ሰፈር ነበር። አይዳሆ በጋዜጣ የምትነሣው በአብዛኛው በዚህ ነበር። የዚያች አይዳሆ ልጆች ግን በየዓመቱ በየአውቶቡሱ ተጭነው በጥቁር ሰው ስም ወደሚጠራ በዓል ይሄዱ ነበር። ሃምፕተን ለዚህ እንግዳ አልነበረም፤ በ1936 ከቤኒ ጉድማን፣ ከቴዲ ዊልሰንና ከጂን ክሩፓ ጋር በአንድ ኳርቴት ሲሰለፍ ጥቁርና ነጭ በአንድ መድረክ ተቀምጦ መጫወቱ ገና ነውር ነበር። ያን ጊዜ ንግግር አላደረገም፤ ተጫወተ እንጂ።

በ2000 ዓ.ም. የሰፈሩ ዘበኞች በተኮሱባቸው እናትና ልጅ ክስ ፍርድ ቤቱ የ6.3 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረደ፤ ሰፈሩ ከበትለር እጅ ወጣ፤ በ2001 ሕንጻዎቹ ፈረሱ። ይህን ያደረገው ሕግ ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም፤ ለኪነት የማይገባትን ድል አንሰጣትም። የኪነት ድርሻ ሌላ ነበር፦ በነዚያ ዓመታት ሁሉ ለዚያው ክፍለ ግዛት ልጆች ሌላ መሰብሰቢያ መክፈት።

ሃምፕተን በ1991 ፓሪስ ላይ በመድረክ ሳለ ከታመመ ወዲህ እጁ እንደ ቀድሞው አልታዘዘለትም። በጃኑዋሪ 1997 የኒው ዮርክ ቤቱ ተቃጠለ፤ ከሁለት ቀን በኋላ የሰው ልብስ ለብሶ ከፕሬዚዳንት ክሊንተን እጅ የአገሪቱን የኪነ ጥበብ ሜዳልያ ተቀበለ። በኦገስት 31 ቀን 2002 በ94 ዓመቱ ዐረፈ። በ2007 በስሙ የሚጠራው የሞስኮ በዓል ያንኑ ሜዳልያ ተሸለመ።