የተጠማዘዘ አንጀት ሕክምና ታሪክ

የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል በራሱ ዙሪያ ሲጠማዘዝ አየርና ሰገራ ይታገዳሉ፤ የደም ዝውውሩም ሊቋረጥ ይችላል። በሂፖክራተስ ስም የሚታወቁ የጥንት ግሪክ ጽሑፎች ለተዘጋ አንጀት በፊንጢጣ አየር መንፋትን ይመክራሉ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማደንዘዣ ከመጣ በኋላ ሆድ ከፍቶ ማከም ተስፋፋ፤ አቅመ ደካማ አረጋውያን ግን ብዙ ጊዜ አይቋቋሙትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ኖርዌያዊው ቀዶ ሐኪም ብሩስጎር በፊንጢጣ መመልከቻ መሣሪያ በኩል ቱቦ አስገብቶ የታመቀውን አየር ማስወጣት ብዙ ሕሙማንን ከአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና እንደሚያድን አሳየ።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ተጣጣፊው የውስጥ አካል መመልከቻ መሣሪያ (ኢንዶስኮፕ) ሥራውን ተረከበ። ሐኪሙ የአንጀቱን ግድግዳ ያያል፤ ጠቁሮ ከሞተ ቀዶ ሕክምና የግድ ይሆናል። ጥምዝማዜው በብዙዎች ስለሚያገረሽ፣ ቀዶ ሕክምና ለማይችሉ አረጋውያን አንጀቱን በኢንዶስኮፕ እየተመለከቱ በቱቦ ከሆድ ግድግዳ ጋር ማያያዝም ተጀመረ።